ድልድይ ላይ ሰው ማውረድ ክልክል ነው

ይቅርታ ያሳርፋል የሚሉ ሰዎችን እሰማለሁ። እነሱን ያሳርፋቸው። እኔን በእግሬ ያቆመኝ ቂም ነው። ስለዚህ የባለቤቴን ነገር የምነግራችሁ በቂመኛ አንደበት መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ፤ ሽምግልናም አልቀበልም።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ዴፖ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ መስታወቷ መሃል ለእጅ የምትበቃ ቀዳዳ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ። ሁለታችንንም የሚያዘን አንድ ሰው ነው፤ የስምሪት ኃላፊው። የትኛው ሹፌር በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከአንገቱ ፊሽካ ስለማይለይ ከፊቱ «አለቃ» እንለዋለን፣ ዞር ሲል «ፊሽካ»። ሹፌር ሲጠራ ይነፋል፣ ሲቆጣ ይነፋል፣ ሻይ ሲያምረው ይነፋል። ሚስቱን በምን እንደሚጠራት አላውቅም፤ እጠረጥራለሁ እንጂ።

ባለቤቴ ረጋ ያለ ሰው ነው። እሱ በያዘው አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ቆሞ ያንቀላፋ ነበር። አሮጊቶች ሌላ መኪና አሳልፈው እሱን ሲጠብቁ በቀዳዳዬ አይቻለሁ፤ «የዚያ የዝምተኛው ልጅ መኪና መጣ?» ይሉኛል። የሚነዳው ትልቁን ድልድይ የሚያቋርጠውን ረጅሙን መስመር ነው። ያ መስመር ለማንም አይሰጥም። ድልድዩ ጠባብ ነው፣ መቆሚያ የለውም፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና ደግሞ ትዕግሥት የለውም።

አንድ ቀን፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ድልድዩ መሃል ላይ ልቡ ተነሣበት። ቃሉ የራሱ ነው፤ «ልቤ ተነሣብኝ» አለኝ። ደረቱን ከውስጥ ሰው የሚደበድበው መሰለው። ጣቶቹ ደነዘዙ፣ አየር አጠረው፣ «አሁን ልሞት ነው፤ ያውም ይህን ሁሉ ሰው ይዤ» ብሎ አሰበ። እንደ ምንም ብሎ ተሻገረ። መጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር። ከዚያው ሆስፒታል ሄደ። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት፣ ደም ቀዱ፣ ፎቶ አነሡ። ከዚያም «ልብህ የወጣት ልብ ነው፤ ምንም የለህም» ብለው ሸኙት። ሌላም ቦታ ሄድን፤ ሌላ ሽቦ፣ ሌላ መርፌ፣ ያው «ምንም የለህም»።

ምንም የለህም! ትኬት ቆራጭን የማይሰድብ የለምና በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ቃል ግን ያቃጠለኝ የለም። ምንም የሌለው ሰው ምሳውን ገፍቶ የገዛ ደረቱን ሲያዳምጥ ይውላል?

እቤታችን አዲስ ልማድ ገባ። የእጁን አንጓ ይዘን የልቡን ምት ማዳመጥ ጀመርን። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እናቱ፣ ቀጥሎ ትልቋ ልጃችን። ገበታ ላይ በቀኙ ይበላል፤ ግራ እጁ የቤተሰቡ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንጓውን ይዛ «ደህና ነው አባዬ» ካላለችው ከቤት አይወጣም። አማቴ ዓይኗ ቢደክምም ጣቷ አልደከመም፤ ገና ከበር ሲገባ «እስቲ አምጣው ያንን እጅ» ትለዋለች። እኔማ ከሁሉም በለጥኩ። ዝናዬ ዴፖ ድረስ ደርሶ ግፊት ያለበት ሠራተኛ ሁሉ በቀዳዳው በኩል እጁን እየሰደደ «እዪልኝ» ይለኝ ጀመር።

እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ኑሮው እየጠበበ ሄደ። ልቤን ያስመታዋል ብሎ ደረጃ መውጣት ተወ። ሻይ ተወ። ገበያ መግባት ተወ። ፀጉር ቤት ጨርቁ አንገቴ ላይ ሲታሰር ትንፋሽ ያጥረኛል ስላለ እኔው በመቀስ እከረክመው ጀመር፤ የዚያን ሰሞን ጭንቅላቱን ያየ ሰው ይመስክር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእኔ ባል እባቡን እንኳ ሳያየው ከልጥ ልጥ ሲሸሽ ይውል ነበር። ድልድዩን ግን ጥርሱን ነክሶ ይሻገረው ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ።

የዚያን ቀን ድልድዩ ላይ መኪና ተዘጋግቶ ቆመ። ወደፊት መሄድ የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ልቡ ተነሣ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሩን ከፈተና ወርዶ ከብረቱ አጥር ሥር ቁጭ አለ። ተሳፋሪውም ተከትሎ ወረደ። ከፊት ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ የእኛ አውቶቡስ ሹፌር አልባ ሆኖ መንገዱን ዘጋ። ከኋላ የጡሩምባ ዓይነት ሁሉ ተነፋ፤ አንድም ሰው ግን አልተጎዳም። ፊሽካ በአገልግሎት መኪና እየከነፈ ደረሰ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልቤ... ልቤ ነው አለቃ።»

«ልቤ ልቤ! አንተ ወንድ ነህ? ፈሪ! ይኼን ሁሉ ሕዝብ ድልድይ ላይ በትነህ ልቤ ትለኛለህ? ተነሥ!»

ይህንን የነገሩኝ ተሳፋሪዎቹ ናቸው፤ እሱ ገና ሳይመለስ ወሬው በቀዳዳዬ ገብቶ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ። «ፈሪ» የምትለዋን ቃል ከሰው አፍ ተቀብዬ አስቀመጥኳት። አንድ ቀን ለባለቤቷ እመልሳታለሁ ብዬ ማልኩ።

በዚያ ቢበቃው ኖሮ ምናልባት እኔም ይበቃኝ ነበር። በእኛ ዴፖ ጠዋት ጠዋት መኪና ከመውጣቱ በፊት ሹፌሮች ይሰለፉና ስምሪታቸውን ይሰማሉ። በማግስቱ ፊሽካ ባለቤቴን ከሰልፉ አውጥቶ ፊት ለፊት አቆመው። «በል፣ ደንቡን አሰማን» አለው። ባለቤቴም «ድልድይ ላይ መቆም ክልክል ነው። ድልድይ ላይ ሰው ማውረድ ክልክል ነው» አለ። ፊሽካ ነፋ፤ ሰልፉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ደገመው። ከዚያ ባለቤቴ ቱቦ ተሰጥቶት ወደ አውቶቡስ እጥበት ተላከ። ይህ ለአንድ ቀን አይደለም፤ በየጠዋቱ ሆነ። ስሙም ቀረና «ልቤ» ተባለ። ሲያልፍ ደረታቸውን ይዘው የሚንገዳገዱ ሹፌሮች ነበሩ። የሳቀውን ሁሉ በቀዳዳዬ አይቼ በልቤ ያዝኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እስከዚያው ድረስ በትንሽ በትንሹ እበቀል ነበር። አውቶቡስ ዘገየ ብሎ የሚጮህ ተሳፋሪ ሲመጣ በፊት እኔ አባብዬ እመልሰው ነበር። አሁን ግን የፊሽካን ቢሮ አሳየዋለሁ። «ሳያንኳኩ ይግቡ፤ ማንኳኳት አይወድም» እላለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ስለሆነ ጸሎቱንም ለጊዜው ትቼው ነበር።

የሳሙናው ውሃ የባለቤቴን እጅ ሰነጣጠቀው። ደም እስኪያወጣ ድረስ ሲሰነጠቅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን፤ ፂሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ። «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን የተሰነጠቀውን መዳፍ ይዘረጋል። የእኔ ባል እጁን ገልብጦ አንጓውን ሰጠው።

ሐኪሙ አንጓውን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «የልብ ምትዎን የሚያዳምጥልዎት ማን ነው?» አለ።

«እሷ» አለ ባለቤቴ። «እናቴም። ልጄም።»

ወጣቱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ልብህ ምን ይላል ብሎ አልጠየቀም፤ እሱንማ ስንቱ ጠይቆት። «ካመመዎት ወዲህ ምን ምን ትተዋል?» አለው። ባለቤቴ ጀመረ። ደረጃ። ሻይ። ገበያ። ፀጉር ቤት። ሊፍት። የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ።

«ሕመም አለብዎት» አለ ሐኪሙ። «ልብዎ ጤነኛ ነው፤ ያመመዎት ጭንቀት ነው። የጭንቀት ሕመም ይባላል፤ የእርስዎ እንዲህ በድንገት እየተነሣ የሚያርበደብደው ዓይነት ነው። ፍርሃት በራሱ ጤና ነው፤ መኪና ሲመጣብዎት መፍራት አለብዎት። ምንም ሳይመጣ እየተነሣ፣ ደግሞ ይነሣብኛል እያሉ በመስጋት ኑሮዎን ካስተወዎት ግን ሕመም ነው። ይታከማል።»

ሕመም አለብህ ሲባል እልል ልትል የደረሰች ሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ምንም የለህም ያሉትን ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ አሰልፌ ፊሽካ ነፋሁባቸው።

በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለት። «ዛሬ ውጠው ነገ ለውጥ አይጠብቁ፤ ሳምንታት ይወስዳል። ተሻለኝ ብለውም በራስዎ አያቋርጡ» አለው። ጎረቤታችን ያዋሰችንን ቶሎ የሚያረጋጋ ክኒን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳየው ተቆጣኝ። ያስተኛል፣ ይለመዳል፣ ለሹፌር ደግሞ አይሆንም አለ። ከዚያ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ መራን። «ዋናው ሥራ እዚያ ነው» አለ።

የሴትዮዋ ክፍል ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ደረጃ አለ፤ ባለቤቴ ታች ቆሞ ሲያንጋጥጥ ቆየ። ስንገባ «ለምንድን ነው መዳን የሚፈልጉት?» አለችው። እሱ ሲያስብ እኔ ቀደምኩና «የስምሪት ኃላፊውን ለማሳፈር» አልኩ። ባለቤቴ አፈረ። ሴትዮዋ ሳቀች። «ለመነሻ ይበቃል» አለች።

የሰጠችው ሕክምና እብደት ይመስል ነበር። ልቡ እንዳይመታ ሲጠነቀቅ የኖረን ሰው ሆን ብላ ልቡን ታስመታዋለች። የራሷን ደረጃ እያስሮጠች ታወጣዋለች። በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጣ ታዞረዋለች። በቀጭን ቱቦ አስተንፍሳ አየር እንዲያጥረው ታደርጋለች። ያ ሁሉ ሲነሣ እንዳይሸሽ፣ እንዳይታገለው፣ ቁጭ ብሎ እስኪወርድ እንዲያየው ነው። «ጮክ ብለው ስሙን ይጥሩት» ትለዋለች። «ልቤ መጣ ይበሉት። ምታ ይበሉት። የሚገድል ይመስላል እንጂ አይገድልም፤ ከፍ ይልና ይወርዳል።» እቤትም ይለማመድ ነበር። አማቴ ልጇ በርጩማ ላይ ሲሽከረከር አይታ «ይኼውላችሁ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ለየለት» አለች።

አንድ ቀን እኔንም አስጠራችኝ። «አንጓውን የምትይዙለት እናንተ ናችሁ አሉ» አለችኝ።

«አዎ፤ እኔ፣ እናቱ፣ ልጃችን። እንደኛ የተንከባከበው የለም።»

«በያዛችሁት ቁጥር የምትነግሩት አንድ ነገር ነው፤ የሚያሰጋ ነገር አለ፣ መጠበቅ አለበት እያላችሁት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው።»

ተናደድኩ። ስንወደው የኖርን ሰዎች ልንከሰስ ነው? «እሱ እጁን ሲዘረጋልኝስ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እጅሽን ከጭንሽ ሥር አድርገሽ ተቀመጪበት።»

እንዳለችው አደረግን። የመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ ገሃነም ነበር። ገበታ ላይ ግራ እጁን ይዘረጋል፤ እኛ ሦስት ሴቶች በእጃችን ላይ ተቀምጠን ኮርኒስ እናያለን። አማቴ አልቅሳለች። ልጄ ሳትይዘው ስትወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። ቀስ በቀስ ግን እጁን መዘርጋት ተወ። ሻይ ጠጣ። ፀጉር ቤት ሄዶ፣ እዚያ ድንጋጤው ተነሥቶበት፣ ቁጭ ብሎ አሳልፎት፣ ሰው መስሎ ተመለሰ። ድልድዩን መጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ ተሳፋሪ ሆኖ፣ ከዚያ የድርጅቱ ሐኪም ከፈቀደለት በኋላ ከአሠልጣኝ ጋር ባዶ አውቶቡስ እየነዳ ተመላለሰበት። በየጠዋቱ ግን አሁንም ሰልፉ ፊት ቆሞ ደንቡን ያሰማ ነበር፤ ከዚያ ውርደት ያዳነው ሐኪም አልነበረም።

በእኛ ዴፖ ከመንገድ ወርዶ የቆየ ሹፌር ሲመለስ የሚፈተነው በራሱ በሠራተኛው ነው። ፈረቃ የጨረሰው ሁሉ ተሳፋሪ ሆኖ ይጫናል፤ የስምሪት ኃላፊው ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጣል። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ይፈርምለታል። ካልሄደ ዳግመኛ ዕድል የለም፤ እስከ ጡረታው ቱቦ ይዞ ያጥባል። ፊሽካ ሆን ብሎ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት መረጠ። ድልድዩ እንዲዘጋጋ ነው። ገብቶኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንደሱ ዓይነቱ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

እኔም ክፍሌን ዘግቼ ተሳፈርኩ። ፊሽካ ከባለቤቴ ጀርባ ሲቀመጥ ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። «አንቺም መጣሽ?» አለኝ። «ተሳፋሪ ነኝ» አልኩት።

ድልድዩ መሃል ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። በቀኛችን ብረቱና ውሃው፣ በግራችን አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና። ሁሉም የባለቤቴን ማጅራት ያያል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እየራሰ ሲመጣ አየሁ። እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገባሁ። ይህ ሰው አሁን በሩን ከከፈተ አለቀለት፤ ማጅራቱን ዳግመኛ ከመሪ ጀርባ አላየውም።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልቤ መጣ» አለ ጮክ ብሎ። «ምታ እስቲ። ከዚህም በላይ ምታ።»

ፊሽካ ብድግ አለ። «ምን አልክ?»

«ልቤ በኃይል እየመታ ነው አለቃ። ጣቶቼም ደንዝዘዋል። እግሬ ግን ፍሬን ላይ ነው።»

ለእኔ ይህ የሴትዮዋ የደረጃው ላይ ትምህርት ነው። ፊሽካ ግን ማን ነግሮት? ውሃውን አየ። አሸዋ ጫኙን አየ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «ክፈት! በሩን ክፈት! አውርደኝ ነው የምልህ!» ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተና ነፋ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ምራቅ ብቻ ተንጠባጠበ።

ባለቤቴ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። በዚያው በየጠዋቱ ድምፁ፣ ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ «ድልድይ ላይ መቆም ክልክል ነው» አለ። «ድልድይ ላይ ሰው ማውረድ ክልክል ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ደገመው። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ በየጠዋቱ ሲሰለፍ የኖረው አውቶቡስ ሙሉ ሹፌርና መካኒክ በአንድ አፍ «ድልድይ ላይ ሰው ማውረድ ክልክል ነው!» አለ። ደረታቸውን ይዘው ሲንገዳገዱ የነበሩትም አሉበት። የዚያን ቀን ዕዳቸውን ግማሹን ፋቅሁላቸው።

ፊሽካ ከጎኔ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እጁን ገልብጦ ወደ እኔ ዘረጋ። «እባክሽ... እዪልኝ» አለ። የደም ሥሩ ከአንጓው ላይ ሲዘል በዓይኔ ይታየኛል። የእኔ እጆች ከጭኔ ሥር ናቸው።

«አንጓ መያዝ ሐኪም ከልክሎናል» አልኩት።

እውነቴን ነው፤ ከልክላናለች። እንደዚያ ቀን ደስ እያለኝ ያከበርኩት የሐኪም ትእዛዝ የለም። ከዚያ ያቺን ስጠብቃት የኖርኩትን ቃል ከምላሴ ጫፍ አደረስኳት። ፈሪ። አፌን ከፈትኩ።

ባለቤቴ ቀደመኝ። «አይዞህ አለቃ» አለ፣ ሳይዞር። «የሚገድል ይመስላል እንጂ አይገድልም። ከፍ ይልና ይወርዳል። ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

አውቶቡሱ ውስጥ የሳቀ የለም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከብረቱ አጥር ሥር ቁጭ ባለበት ለእሱ እንዲህ የሚለው አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። እንባዬ መጣ፤ በቀሌን ስለቀማኝም ተናደድኩበት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ። ቃሌን መልሼ ዋጥኳት። ከፊት ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ፍሬኑን ለቀቀ፤ አለቀቁ ከመለስለሱ የተነሣ ፊሽካ መሄዳችንን ያወቀው ውሃው ሲያልቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊሽካው አልተነፋም። ረጅሙ መስመር ሲነበብ ባለቤቴ ከነአባቱ ስም ተጠራ። ደንቡን አሰማ ያለው የለም። ወጥቶ መሪውን ያዘ፤ በሩ ላይ ያሉትን አሮጊቶች በመስታወት አይቶ ተራ በተራ ገብተው እስኪቀመጡ ጠበቃቸው። መድኃኒቱን አሁንም ይውጣል፣ ያቺ ሴትዮ ጋም አልፎ አልፎ ይሄዳል፣ ልቡም አንዳንዴ ይነሣል። ይነሣና ይወርዳል።

«ቂምሽ አልወጣልሽም?» ይለኛል ባለቤቴ። እሱ ይቅር ብሏል፤ መብቱ ነው። ፊሽካ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ አልፎ አልፎም እጁን በቀዳዳው ይሰዳል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን አለቃ፣ ደህና አደሩ?» እለዋለሁ። እጆቼን ግን ከጭኔ ሥር አላወጣም።